95 በመቶ ሲባል ቀሪዎቹ 5ቱ የት ናቸው?

የክትባት ዘመቻ ውጤት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው አንድ ቁጥር ነው። ከሕፃናቱ ይህን ያህል በመቶው ተከትበዋል ይባላል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ሰሚው ይረጋጋል፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ይሰጋል። እኔም የጤና ሪፖርት ባነበብሁ ቁጥር ዓይኔ አስቀድሞ የሚሄደው ወደዚሁ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ የማኅበረሰብ በሽታ የመከላከል አቅም፣ በመገናኛ ብዙኃን «የመንጋ መከላከያ» እየተባለ የሚጠራው ማለት ነው፣ በአንድ አኃዝ ተጠቃሎ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። አኃዙ የሚነግረን ስንቶች እንደተከተቡ ነው፤ ወረርሽኝ መነሣት አለመነሣቱን የሚወስነው ግን በአብዛኛው ያልተከተቡት የት እንደሚኖሩና ከማን ጋር እንደሚውሉ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመጀመር፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ እንዳይጠፋ ሁልጊዜ አዲስ ሰው ማግኘት አለበት። ኩፍኝ የያዘው ሰው በሽታውን የሚያስተላልፈው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ሽፍታው ከወጣ በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚድነው ይድናል፣ የሚሞተውም ይሞታል፤ በሁለቱም መንገድ ቫይረሱ ከእርሱ ወደ ሌላ የሚሻገርበት ጊዜ ያበቃል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ቀድሞ ታመው የዳኑ ወይም የተከተቡ ከሆኑ ቫይረሱ መሄጃ ያጣል። በዚህ ጊዜ የሚጠበቁት የመከላከል አቅም ያላቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም። ከእነርሱ ጀርባ ያለው፣ ዕድሜው ለክትባት ያልደረሰው ጨቅላ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለው ሕፃን፣ ሕይወት ያለው ቫይረስ የያዘ ክትባት መውሰድ የማትችለው ነፍሰ ጡር ሁሉ ሳይከተቡ ይጠበቃሉ፤ በሽታው እነርሱ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ስለተዘጋ።

ይህ ሁሉ ክትባት ከመምጣቱ በፊት በሰው ላይ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። የፋሮ ደሴቶች በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገኙ፣ በዴንማርክ ሥር ያሉ ደሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1781 ኩፍኝ ገብቶባቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ለ65 ዓመታት በሽታው በዚያ ዝር አላለም። በ1846 ግን ከኮፐንሃገን በመርከብ የመጣ አንድ አናጺ በሽታውን ይዞ ደረሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ7,800 ያህል ነዋሪዎች 6,000 ያህሉ ታመሙ። ሁኔታውን እንዲመረምር የዴንማርክ መንግሥት የላከው የ25 ዓመቱ ሐኪም ፔተር ሉድቪግ ፓኑም ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተረፈ፣ የታመመውም ከማንና መቼ እንደተገናኘ እየጠየቀ መዘገበ። ከሕመምተኛ ጋር በተገናኙበት ዕለትና ሽፍታው በወጣበት ዕለት መካከል ሁለት ሳምንት ያህል እንደሚያልፍ ያስተዋለውም በዚሁ አድካሚ ጥየቃ ነው።

ፓኑም ከመዘገባቸው ነገሮች ለእኔ ይበልጥ የሚደንቀኝ ስለ አረጋውያኑ የጻፈው ነው። በ1781 በልጅነታቸው ኩፍኝ የወጣላቸውና በ1846 በሕይወት ከነበሩት አዛውንቶች አንዳቸውም ዳግመኛ አልታመሙም። በዚያው ዕድሜ የነበሩ፣ ነገር ግን በ1781 ሳይያዙ ያመለጡ ሽማግሌዎች ግን ከበሽታው ጋር በተገናኙ ጊዜ እንደ ሕፃናቱ ታመሙ። ስለዚህ አዛውንቶቹን ያዳናቸው ዕድሜያቸው ሳይሆን ከ65 ዓመት በፊት ያገኙት የመከላከል አቅም መሆኑ ታወቀ። ሆኖም ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ስለነበረ የእነርሱ አለመያዝ ለልጅ ልጆቻቸው አንዳች ከለላ አልሆነም። ደሴቶቹ 65 ዓመት ሙሉ ከኩፍኝ ነፃ ሆነው የኖሩት ባሕር ስለከለላቸው ነው፤ በእነዚያ ዓመታት የተወለደው ሁሉ ለበሽታው የተጋለጠ ሆኖ ስላደገ አንድ ተሳፋሪ ብቻ በቂ ሆነ። በሽታ ለረጅም ጊዜ አለመታየቱና ማኅበረሰቡ መጠበቁ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ስንቶች መጠበቅ አለባቸው ለሚለው ጥያቄ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች የሚነሡት መሠረታዊ የመዛመት ቁጥር ከሚሉት ነው። ይህ ቁጥር ማንም የመከላከል አቅም በሌለው ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ ሕመምተኛ በአማካይ ስንት ሰው እንደሚያስይዝ ያመለክታል። ለፖሊዮ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7፣ ለኩፍኝ ከ12 እስከ 18 ተደርጎ ይወሰዳል። ለስሌት እንዲመች ኩፍኝን 15 እንበለው። አንድ ሕመምተኛ ከሚያገኛቸውና ሊይዛቸው ይችል ከነበሩት 15 ሰዎች መካከል 14ቱ የመከላከል አቅም ካላቸው የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ከ14 በላይ ከሆኑ ደግሞ ወረርሽኙ እየሳሳ ይሄዳል። 14ን ለ15 ስናካፍል 93 በመቶ ገደማ እናገኛለን። ለኩፍኝ የሚፈለገው ሽፋን 95 በመቶ ነው የሚባለው ከዚህ ዓይነቱ ስሌት ተነሥቶ ነው። የመዛመት ቁጥሩ አነስተኛ ለሆነ በሽታ ገደቡም ዝቅ ይላል፤ ለፖሊዮ ከ80 እስከ 86 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። 93 በመቶ የሚባለው የተከተቡት ሰዎች ቁጥር ሳይሆን በእርግጥ የመከላከል አቅም ያገኙት ሰዎች ቁጥር ነው። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሰጥ ከሕፃናቱ 85 በመቶ ያህሉን፣ በ12 ወር ሲሰጥ ደግሞ 93 በመቶ ያህሉን ይጠብቃል፤ ሁለት ጊዜ ሲሰጥ ግን 97 በመቶ ያህል ይደርሳል። እስቲ በአንድ አገር ያሉ ሕፃናት አንድም ሳይቀሩ በ9 ወራቸው አንድ ጊዜ ተከተቡ እንበል። 15 በመቶዎቹ አሁንም የተጋለጡ ናቸው፤ አንድ ሕመምተኛም ከ15ቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ማስያዙ አይቀርም። ሽፋኑ መቶ በመቶ ሆኖም ወረርሽኝ ይነሣል ማለት ነው! ሁለተኛው ዙር ክትባት ለጥንቃቄ ተብሎ የተጨመረ የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፤ በስሌቱ መሠረት ግን ያለ ሁለተኛው ዙር ገደቡ ላይ መድረስ ፈጽሞ አይቻልም። በመጀመሪያው ዙር የከፍተኛ ሽፋን ዜና ስሰማ የሁለተኛው ዙር ስንት እንደሆነ ለማወቅ የምጓጓውም ለዚህ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። እያንዳንዳቸው 500 ተማሪዎች ያሏቸው 20 ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል፤ በድምሩ 10,000 ተማሪዎች ይሆናሉ። ከእነዚህ 9,500ዎቹ ለኩፍኝ አይጋለጡም፣ 500ዎቹ ይጋለጣሉ፤ ጥቅል ሽፋኑ 95 በመቶ ነው። የተጋለጡት 500 ልጆች በየትምህርት ቤቱ 25 እየሆኑ ቢበተኑ አንድ የታመመ ልጅ በአማካይ ከአንድ ያነሰ ሰው ያስይዛል፤ ስሌቱም ከአንድ የውጭ ሕመምተኛ የሚነሣው ጠቅላላ የታማሚ ቁጥር፣ እርሱን ጨምሮ፣ በአማካይ 4 ያህል እንደሚሆን ያሳያል። አሁን ደግሞ 19ኙ ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ ተከትበው 500ዎቹ የተጋለጡ ልጆች በ20ኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰብስበዋል እንበል። ጥቅል ሽፋኑ አሁንም 95 በመቶ ነው፤ በሪፖርቱ ላይ የሚለወጥ አንድም አኃዝ የለም። በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ኩፍኝ ይዞት ከገባ ግን ከ500ዎቹ ሳይታመም የሚቀር መኖሩ ያጠራጥራል። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱም በየቤቱ ያሉት ጨቅላዎች ይጠብቋቸዋል።

ይህ በወረቀት ላይ የተፈጠረ ሥጋት አይደለም። ኔዘርላንድስ ጥቅል የክትባት ሽፋኗ ከፍተኛ ነው፤ ነገር ግን በሃይማኖታዊ ምክንያት ክትባት የማይቀበሉ ማኅበረሰቦች አገሪቱን አቋርጦ በሚሄድ ሰፊ ቀበቶ ላይ ተቀራርበው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2013 የኩፍኝ ወረርሽኝ የተነሣው በእነዚሁ አካባቢዎች ነበር። ያልተከተቡ ሰዎች የሚሰባሰቡት በእምነት ወይም በአመለካከት ብቻም አይደለም። መንገድ በማይደርስበት መንደር፣ ጦርነት ባፈናቀላቸው ሰዎች መጠለያ፣ በከተማ ዳር በተጨናነቁ ሰፈሮች የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸው የማይከተቡት እምቢ ስላሉ ሳይሆን ክትባቱ ስላልደረሳቸው ነው። እነርሱም የሚኖሩት ጎን ለጎን ነው። አንድም ክትባት ያላገኘ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱም አንድም ክትባት ያላገኘ ነው፤ ስለዚህ የእነርሱ አደጋ የአገሪቱ አማካይ ከሚያሳየው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በነገራችን ላይ፣ ወረርሽኝ ሲነሣ «ከታመሙት ሢሶ የሚሆኑት የተከተቡ ናቸው» የሚል ወሬ ተነግሮ ክትባቱ አይሠራም የሚል መደምደሚያ ሲሰጥ ይሰማል። 1,000 ልጆች ካሉ፣ 950ዎቹ ሁለት ጊዜ ከተከተቡና ክትባቱ 97 በመቶ የሚሠራ ከሆነ፣ ከተከተቡት መካከል 28 ያህሉ የተጋለጡ ሆነው ይቀራሉ፤ ካልተከተቡት ደግሞ 50ዎቹም የተጋለጡ ናቸው። በሽታው ሁሉንም ቢያገኛቸው ከታማሚዎቹ ከሢሶ በላይ የሚሆኑት የተከተቡ ይሆናሉ። ነገር ግን ከተከተቡት 950 የታመሙት 28፣ ካልተከተቡት 50 የታመሙት 50 ናቸው። ወሬው ሐሰት አይደለም፤ የቀረው ግማሹ ግን ሳይነገር ቀርቷል።

እያንዳንዱ ክትባት ለሌሎች ይተርፋል ማለትም አይደለም። ቴታነስ የሚይዘው በአፈርና በመሰል ነገሮች ውስጥ ባለ ባክቴሪያ በተበከለ ቁስል እንጂ ከሌላ ሰው አይደለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቢከተብ ላልተከተበው ሰው የሚፈይደው የለም። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ሕፃናትን ከከባዶቹ የበሽታው ዓይነቶች ይጠብቃል፤ በአዋቂዎች ሳል አማካይነት የሚደረገውን መተላለፍ በመግታት ረገድ ግን ጥቅሙ ውስን ነው። ፖሊዮን በተመለከተ ደግሞ በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ልጁ ሽባ እንዳይሆን በሚገባ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ቫይረሱ በአንጀት ውስጥ ተራብቶ በሰገራ እንዳይወጣ የመከልከል አቅሙ በአፍ ከሚሰጠው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 በእስራኤል በፍሳሽ ቆሻሻ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ፤ በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሽፋን ከፍተኛ ስለነበረ አንድም ሰው ሽባ አልሆነም፣ ቫይረሱ ግን ማንም ሳያውቀው ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ቆይቷል። ባለሥልጣናቱ በአፍ የሚሰጠውን ክትባት ለሕፃናት በዘመቻ የሰጡት ይህን ዝውውር ለማስቆም ነበር። አንድን ሰው ከሕመም መጠበቅና በእርሱ በኩል መተላለፍን ማቆም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱንም በእኩል ደረጃ የሚሠሩ ክትባቶች አሉ፣ አንዱን ብቻ የሚሠሩም አሉ።

ልዩነቱ በጉልህ የታየው በማጅራት ገትር ላይ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በየጊዜው እየተነሣ ብዙ ሕዝብ የፈጀው በአብዛኛው «ኤ» የተባለው የባክቴሪያው ዓይነት ነበር። ባክቴሪያው ከሚታመሙት ይልቅ እጅግ በሚበዙ ጤነኛ ሰዎች ጉሮሮ ውስጥ ይኖራል፤ የሚዛመተውም በዋናነት በእነርሱ በኩል ነው። ቀድሞ የነበረው ክትባት የተከተበውን ሰው ለጥቂት ዓመታት ይጠብቃል እንጂ ባክቴሪያውን ከጉሮሮ አያስወጣም ነበር፤ ስለሆነም ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ እየተሮጠ ይሰጥ ነበር፣ ወረርሽኙም ተመልሶ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በቡርኪና ፋሶ፣ በማሊና በኒጀር መሰጠት የጀመረው አዲሱ ክትባት ግን ባክቴሪያውን በጉሮሮ መሸከምንም ይከላከላል። በዘመቻው ከ1 እስከ 29 ዓመት ያሉት ሁሉ እንዲከተቡ የተደረገው ከሁሉ ይበልጥ የሚታመሙትም የሚሸከሙትም በዚህ የዕድሜ ክልል ያሉ ስለሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ባልተከተቡ ሰዎች ጉሮሮ ውስጥ እንኳ ይህ ባክቴሪያ ሊገኝ የማይችል ያህል ሆነ፤ ከ2017 ወዲህም በቀበቶው ውስጥ በዚህ ዓይነቱ ባክቴሪያ የመጣ ማጅራት ገትር በላቦራቶሪ አልተረጋገጠም። ሌሎች የባክቴሪያው ዓይነቶች ዛሬም አሉ፣ በሽታውም ጨርሶ አልጠፋም። ይሁን እንጂ ስለ ማኅበረሰብ መከላከያ ማስረጃ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የምጠቅስለት ይህን ነው።

በሙከራ የተረጋገጠ ማስረጃ ለሚሻ ደግሞ በካናዳ የተደረገው የኢንፍሉዌንዛ ጥናት አለ። ሃተራይት የሚባሉት የክርስትና እምነት ተከታዮች በእርሻ ላይ በተመሠረቱ፣ ከሌላው በተለዩ ትንንሽ መንደሮች ንብረታቸውን በጋራ ይዘው ይኖራሉ። ተመራማሪዎች መንደሮቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው በአንደኛው ወገን ላሉ ልጆች የኢንፍሉዌንዛ፣ በሌላው ወገን ላሉት ደግሞ የጉበት በሽታ ክትባት ሰጡ። ከዚያም የተከታተሉት ልጆቹን ብቻ ሳይሆን ያልተከተቡትን የመንደሩን ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ በወጣው ውጤት መሠረት ልጆቻቸው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ባገኙባቸው መንደሮች ያልተከተቡት ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው 61 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ምንም መርፌ አልተወጉም፤ የተጠበቁት ልጆቹ በሽታውን ወደ ቤት ባለማምጣታቸው ነው።

ግማሽ መንገድ መሄድ ያለመሄድን ያህል እንኳ የማይሻልበት ጊዜም አለ። ሩቤላ ለሕፃናት ቀላል በሽታ ነው፤ ነፍሰ ጡርን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ከያዛት ግን ፅንሱን ለመስማት፣ ለዓይንና ለልብ ጉዳት ይዳርጋል። ክትባቱ መካከለኛ በሆነ ሽፋን ለዓመታት ከተሰጠ በሽታው ሳይጠፋ ዝውውሩ ብቻ ይቀንሳል፤ በልጅነታቸው ይዟቸው ሊያልፍ ይችል የነበሩ ልጃገረዶችም ሳይያዙና ሳይከተቡ ለአካለ መጠን ይደርሳሉ። በግሪክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነበረው ሽፋን ከግማሽ በታች ነበር፤ በ1993 የተነሣው የሩቤላ ወረርሽኝ ያገኘው ከቀድሞው በበለጠ ቁጥር የተጋለጡ ወጣት ሴቶችን ነው፣ ጉዳት ይዘው የተወለዱ ሕፃናትም በዚያው መጠን በዙ። ይህን ክትባት ለመጀመር የሚያስቡ አገሮች አስቀድመው ከፍተኛ ሽፋን ላይ መድረስና እዚያው መቆየት እንደሚችሉ እንዲያረጋግጡ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

«በሽታው ራሱ ሁሉንም ይዞ ቢያልፍ ያው መከላከያ ይገኛል» የሚለው ሐሳብ በኮቪድ-19 ወቅት ብዙ ተደምጧል። በብራዚሏ ማናውስ ከተማ በ2020 እጅግ ብዙ ሕዝብ ከተያዘ በኋላ ወረርሽኙ ጋብ ሲል ከተማዋ ገደቡን አልፋለች የተባለበት ጊዜ ነበር። በጃንዋሪ 2021 አዲስ የቫይረሱ ዝርያ ያመጣው ሁለተኛ ዙር ሆስፒታሎቿን ኦክሲጅን እስኪያልቅባቸው ድረስ አጥለቀለቀ። ቫይረሱ በሚለዋወጥበትና የተገኘው የመከላከል አቅም ዳግም መያዝን ለረጅም ጊዜ በማይከለክልበት ሁኔታ ገደቡ ራሱ ባለበት አይቆይም። ኩፍኝ እንደዚያ አይለዋወጥም፤ አንድ ጊዜ የያዘው ሰውም ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል። ቢሆንም ዋጋው ከባድ ነው፤ በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች ቀደም ሲል ለሌሎች በሽታዎች አዳብረዋቸው ከነበሩት ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ ያህሉን አጥተው ተገኝተዋል። ለአንድ በሽታ የተገኘው መከላከያ የሌሎቹን አራቁቶ ማለት ነው።

የተከማቸ ተጋላጭነት በዘመናችን ምን እንደሚያደርግ ያሳየችው በፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው የደሴት አገር ሳሞዋ ናት። በጁላይ 2018 ሁለት ጨቅላዎች ከክትባት በኋላ ወዲያው ሞቱ፤ በኋላ እንደተረጋገጠው ስሕተቱ የክትባቱ ሳይሆን የአዘገጃጀቱ ነበር፤ የክትባቱ ዱቄት በውኃ ፈንታ ጡንቻን በሚያፈታ መድኃኒት ተበጥብጦ ነበር የተሰጠው። መርሐ ግብሩ ለወራት ተቋረጠ፣ የወላጆች እምነትም ተሰበረ፤ በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን ዙር የኩፍኝ ክትባት ያገኙት ሕፃናት 31 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ተገመተ። በ2019 መጨረሻ ኩፍኝ ሲገባ 200,000 ያህል ሕዝብ ባላት አገር ከ5,700 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 83ቱ ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሟቾች ከ5 ዓመት በታች ነበሩ። መንግሥት በዲሴምበር ለሁለት ቀን ሥራ ሁሉ ቆሞ ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዘ፤ ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤትም ደጃፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እንዲሰቅል ተደረገ፣ የክትባት ቡድኖች ጨርቁን እያዩ ከቤት ወደ ቤት ይገቡ ዘንድ። ለእኔ ያ ቀይ ጨርቅ ከማንኛውም የሽፋን ሠንጠረዥ የተሻለ መረጃ ነው፤ ያልተከተበው ሰው በየትኛው ቤት እንዳለ ይናገራልና።

ፈንጣጣን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻም የመጨረሻው ድል የተገኘው በዚህ መንገድ ነበር። ሁሉንም ሰው መከተብ ባልተቻለባቸው ስፍራዎች ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ፈልገው በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ይከትቡ ነበር። በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻው ሰው፣ በሶማሊያ መርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 የታመመው ሁለት ሕመምተኛ ልጆችን ለጫነ መኪና መንገድ ለማሳየት ለጥቂት ደቂቃ አብሮ ከተሳፈረ በኋላ ነው። ከእርሱ ጋር የተገናኙት ሁሉ እየተፈለጉ ተከተቡ፤ ከእርሱም ወደ ማንም አልተላለፈም።

«የሌሎቹ ልጆች ከተከተቡ የእኔ ባይከተብ ምን ይሆናል?» የሚሉ ወላጆች ስሌታቸው ላይ ላዩን ሲታይ ስሕተት አይመስልም። ዙሪያው በሙሉ የተከተበ አንድ ልጅ በእርግጥም አደጋው ዝቅተኛ ነው። የስሌቱ ቀዳዳ ያለው እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች ተበታትነው አለመኖራቸው ላይ ነው። ሐሳቡን የሰሙት ከወዳጅ ነው፤ ወዳጁም በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው የጸሎት ቤት፣ በዚያው ሰፈር ልጅ አለው። እያንዳንዳቸው በሌላው ክትባት ሲተማመኑ 20ኛውን ትምህርት ቤት ራሳቸው ይመሠርታሉ። ለሕክምና በሚሆን ምክንያት መከተብ ለማይችሉት የቀረችውን ጠባብ ቦታ ሌላ ሰው ሲይዛትም እነዚያ የሚሄዱበት የላቸውም።

በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ ካሉት መካከል ጨቅላዎቹ በየዓመቱ በአዲስ ይተካሉ። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ያገኘው ፀረ እንግዳ አካል ለጥቂት ወራት ይጠብቀዋል፤ ከዚያ እስከ 9 ወይም 12 ወሩ፣ ክትባቱን እስኪያገኝ ድረስ፣ ያለ ከለላ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ኩፍኝ በልጅነታቸው ይዟቸው የነበሩ እናቶች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ፀረ እንግዳ አካል በክትባት የተጠበቁ እናቶች ከሚያወርሱት የበለጠ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ አብዛኛዋ እናት የተከተበች በሆነችበት አገር ሕፃኑ ከእናቱ ያገኘው ጥበቃ ቶሎ ያልቅበታል፣ በሌሎች መከተብ ላይ ያለው ጥገኝነትም ከአያቶቹ ዘመን ይልቅ ይረዝማል። ወረርሽኝ በተነሣበት አካባቢ ክትባቱ ከ6 ወር ጀምሮ እንዲሰጥ የሚደረገው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው፤ ያ መጠን ግን ከመደበኛዎቹ ሁለት ዙሮች እንደ አንዱ አይቆጠርም፤ ሕፃኑ ዕድሜው ሲደርስ ሁለቱንም እንደገና መውሰድ አለበት።